አየሩን ሳታስወጡ ቁልፉን አታስረክቡ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ እናንተም ዛሬ የምትመረቁ የአውቶ ሜካኒክ ተማሪዎች፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

ለዛሬ የመረጥኩት ርዕስ ለምረቃ ቀን ትንሽ ሊመስል ይችላል። ፍሪሲዮን፣ ማለትም ሞተሩንና ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል፣ ከተቀየረ በኋላ ከዘይት መስመሩ አየር ስለማስወጣት ነው የምነግራችሁ። ይህን የመረጥኩት በሥራ ዘመኔ በጣም ያሳፈረኝ ስህተት እዚህ ላይ ስለነበረ ነው።

ገና ረዳት ሳለሁ የአንድ ሃይሉክስ ፍሪሲዮን ቀየርን። ካምቢዮው ወረደ። የፍሪሲዮኑ ሸራ፣ ሸራውን የሚጫነው ፕሬዠር ፕሌት፣ ፕሌቱን የሚገፋው ኩሽኔታ ሁሉ አዲስ ገባ። የታችኛው ፖምፓ ቧንቧም ተፈቶ ታሰረ። መሸ። ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስረግጠው ጠነከረልኝ። ማርሹም ገባ። "አልቋል፣ መውሰድ ይችላሉ" አልኩ።

በማግስቱ መኪናው ዓባይ በረሃ ላይ፣ ከታች ወደ ጎሃጽዮን ሲወጣ፣ ዳገቱ መሀል ማርሽ አልገባ ብሎ ቆመ። ከኋላው የጭነት መኪኖች ተሰልፈዋል። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰውየው ሲመለስ ይጮህብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጮኸም። "ልጆቼ ውስጥ ነበሩ" ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ምን ነበር የሆነው? ፔዳሉን ስትረግጡ ላይኛው ፖምፓ ፍሬን ዘይቱን በቧንቧ ይገፋል። ዘይቱ የታችኛውን ፖምፓ ፒስተን ይገፋል። ፒስተኑ ሹካውን፣ ሹካው ኩሽኔታውን። ኩሽኔታው የሚሄደው ርቀት በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው። ዘይት ሲገፉት አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። ስለዚህ መስመሩ ውስጥ የቀረች ጥቂት አየር ያቺን አጭር ጉዞ ትበላታለች። ሸራው ከቮላኖው፣ ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ብረት፣ በደንብ አይላቀቅም። መጀመሪያ የሚነግራችሁ ብዙ ጊዜ የኋላ ማርሽ ነው፤ ሲገባ ይጮኻል።

ያን ምሽት ፔዳሉ የጠነከረው ደጋግሜ ስለረገጥኩት ነው። ስትደጋግሙት ከማጠራቀሚያው ተጨማሪ ዘይት ይገባና አየሩን ያጨናንቀዋል። አየሩ ግን የትም አልሄደም። መኪናው ቆሞ ሲያድር ፔዳሉ ይላላል። እባካችሁ በዚህ ጥንካሬ አትታለሉ።

ትክክለኛው አሠራር ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ፔዳል ላይ፣ አንዱ ከታች። ታችኛው ፖምፓ ላይ ባለው የአየር ማስወጫ ቪቴ (ትንሽ ብሎን) ላይ ውስጡ የሚታይ ቱቦ ሰኩ፤ ጫፉን ንጹሕ ዘይት ውስጥ ንከሩት። ላይ ያለው ቀስ ብሎ ይረግጥና "ያዝኩ" ይላል። ታች ያለው ቪቴውን ትንሽ ይፈታል፤ አረፋው ይወጣል፤ ይዘጋል። "ልቀቅ" ሲባል ብቻ እግር ይነሳል። ቪቴው ክፍት ሆኖ እግር ከተነሳ ያወጣችሁትን አየር መልሳችሁ ሳባችሁት ማለት ነው። ቶሎ ቶሎ መርገጥም አይጠቅምም። አንዱን ትልቅ አረፋ ወደ ብዙ ጥቃቅን አረፋ ይበትነዋል፤ ጥቃቅኑ ደግሞ ለማውጣት ያስቸግራል። ማጠራቀሚያው እንዳይጎድል ዓይናችሁን አትንቀሉ።

አየር ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ታችኛው ፖምፓ ተጋድሞ ቪቴው ከአየሩ በታች ከሆነ ቀኑን ሙሉ ብትረግጡ አይወጣም። ፖምፓውን ፍቱትና ቪቴውን ወደ ላይ አዙሩት። ግን ፖምፓው ተፈትቶ ሳለ ፒስተኑን ሳትይዙ ፔዳሉን ማንም እንዳይረግጥ፤ ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ፖምፓው ካምቢዮው ውስጥ፣ ከኩሽኔታው ጋር አንድ ሆኖ በተሠራባቸው መኪኖች ይህ የበለጠ ከባድ ነው። ካምቢዮው ቦታው ገብቶ ሳይታሰር ፔዳል ከተረገጠ ጎሚኒው፣ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ፣ ይበላሻል። ከዚያ ካምቢዮውን እንደገና ማውረድ ነው።

በእግር ከመርገጥ ይልቅ አየሩን በቫኪዩም መሣሪያ እየሳባችሁ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የመሣሪያው ጌጅ መመሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ላይ ባይደርስ መሣሪያው ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት። በቪቴው ጥርስ በኩል ከውጭ የሚገባ አየርም ቱቦው ውስጥ አረፋ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ በእግር አረጋግጡ።

ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ደግሞ አለ። "ጋሼ፣ የዲፈረንሻሉንስ አየር አናስወጣም?" እንደ ኮሮላ ባሉ በፊት ጎማ በሚነዱ መኪኖች ዲፈረንሻሉ፣ ኃይሉን ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው፣ ከካምቢዮው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነው። ፍሪሲዮን ለመቀየር አክስሎቹ ሲነቀሉ የካምቢዮው ዘይት ይፈሳል። እዚያ አየር የሚወጣለት መስመር የለም። የፈሰሰውን ዘይት በትክክለኛው ዓይነት፣ እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ድረስ መልሱ። ይህን የረሳ ሰው ካምቢዮውንም ዲፈረንሻሉንም ያቃጥላል። የካምቢዮ ዘይት ፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ ውስጥ ከገባ ደግሞ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል። የሁለቱን ማንቆርቆሪያ ለዩ።

ፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም። እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። በብዙ መኪኖች ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ የሚጠጡት ከአንድ ማጠራቀሚያ ነው። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስ በነጻ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ።

ደግሞ ሁሉም ችግር አየር አይደለም። ደጋግማችሁ ስትረግጡ የሚነሳ ፔዳል አየር ይዟል። ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ የሚሰጥም ፔዳል ግን ብዙውን ጊዜ የላይኛው ፖምፓ ጎሚኒ አልቋል። ያን መኪና አየር እያስወጣችሁ የሰውን ገንዘብ አትብሉ።

ዛሬ እጄን ይዤ አልመጣሁም። ግቢው ውስጥ የቆመውን ነጭ ፒክአፕ አይታችሁታል። ፍሪሲዮኑ ትናንት ተቀይሯል፤ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። ከፎቶው በኋላ ሁለት ሰው እፈልጋለሁ፤ አንዱ ፔዳል ላይ፣ አንዱ ከእኔ ጋር ከሥር። ጋውናችሁን ለእናቶቻችሁ ስጡና ኑ።