ጅብ ያልጨረሰው

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የመጻሕፍት ወዳጆች፤

ዛሬ የምናነሣው ማይክል ሲርስን ነው። የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ፣ የሒሳብ ምሁር፣ በጆሃንስበርጉ ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነው። ልብ ወለዶቹን በዚህ ስም ብትፈልጓቸው ግን አታገኟቸውም። ከሥነ ልቦና ምሁሩ ከስታንሊ ትሮሊፕ ጋር ስማቸውን አጋጥመው «ማይክል ስታንሊ» እያሉ ነው የሚጽፉት። መርማሪያቸው የቦትስዋናው ፖሊስ ዴቪድ ቤንጉ ነው፤ ከግዝፈቱ የተነሣ «ኩቡ» ይሉታል፣ በሴትስዋና ጉማሬ ማለት ነው።

ነገሩን የጀመረችው ጅብ ናት። ትሮሊፕ አብራሪም ስለሆነ ወዳጆቹን በትንሽ አውሮፕላን እየያዘ ቦትስዋና አራዊት ለማየት ይሄድ ነበር። በአንዱ ጉዞ የጅብ መንጋ አንድ ዊልደቢስት የሚባል ትልቅ የዱር እንስሳ ከነአጥንቱ ሲጨርስ ተመለከቱ። ሬሳ ማጥፋት ለሚፈልግ ገዳይ ከዚህ የተመቸ ምን አለ? እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ከዚያ ተወለደ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንላለን። በመጽሐፉ ግን ሰዎች የደረሱት ጅቡ ገና ሳይጨርስ ነው። ቢጨርስም ገዳዩ አይተማመን። የጅብ ጨጓራ አሲድ አጥንት ይፈጫል፤ ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚነጣው ከአጥንት ካልሲየም የተነሣ ነው፤ ይህን ሐረሮች ከማንም በላይ ያውቁታል። ፀጉር ግን አይፈጭለትም፤ ጠቅልሎ ያስመልሰዋል። ወርቅ ጥርስም ካለ፣ ወርቅ በጨጓራ አሲድ አይሟሟም። መርማሪው ፀጉሩን ከትውከቱ፣ ወርቁን ከዓይነ ምድሩ ይለቅማል።

የሞት ሰዓት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ብዙ ደራሲ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ሙቀት ወደ 37 ዲግሪ ነው። ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ሬሳ በግምት በሰዓት 1 ዲግሪ ይቀንሳል ይባላል፤ ውፍረት፣ ልብስና ነፋስ ቁጥሩን ያዛቡታል። በቦትስዋናው የካላሃሪ በረሃ የበጋ ቀትር አየሩ ራሱ ከ37 ሲያልፍ ሬሳው አይቀዘቅዝም፤ እንዲያውም ሊሞቅ ይችላል፤ ስሌቱም ከንቱ ይሆናል። ያኔ የሚያዋጣው የዝንብ እጭ ዕድሜ ነው፤ እሱም ቢሆን የሙቀቱ መዝገብ ከሌለ አያስተማምንም። «ከምሽቱ 4፡15 ሞተ» የሚል ሐኪም በልብ ወለድ ስታገኙ ጠርጥሩ። የሒሳብ ሰው «ከዚህ እስከዚህ» ነው የሚለው፤ ለታሪኩም ይበጃል፣ ተጠርጣሪዎቹ ሁሉ በዚያ ክፍተት ውስጥ ይገባሉና።

አብሮ መጻፉ እንዴት ይሆናል? አንዱ ምዕራፉን ያረቅቃል፣ በኢሜይል ይልካል፤ ሌላው ይሰርዛል፣ ይጨምራል፣ ይመልሳል። ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ለብቻው ለሚጽፍ ሰው ይህ ቅጣት ይመስላል። ሳይንቲስት ግን ጥናቱን ባልደረባ ሲያበጥርበት የኖረ ነው፣ ብዙም አያመው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት መጽሐፍ ደግሞ ጥያቄውን ከሞት ሰዓት ወደ ሟቹ ዕድሜ ገልብጠውታል። በካላሃሪ ሞቶ የተገኘው፣ ሳን ከሚባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች የሆነው ሽማግሌ ፊቱ የተጨማደደ ነው፤ አስከሬኑ ሲመረመር ግን የውስጥ አካላቱ የወጣት ሆነው ይገኛሉ። እንግዲህ ሐኪሙ ቅጹ ላይ «ዕድሜ» ከሚለው አጠገብ ምን ይጻፍ?