ከበርሜሉ የመጣውንና ከእህሉ የመጣውን መለየት
(በባሕር ዳር ለሆቴልና ለመጠጥ ቤት ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ፊታችሁ በሲኒ ማስቀመጫ የተከደኑ አራት ብርጭቆዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ 15 ሚሊ ሊትር ውስኪ። ገና አትክፈቱት። በሐይቁ በኩል ያለውን መስኮት የዘጋነው ለነፋሱ ብለን አይደለም፤ ከታች ዓሣ እየተጠበሰ ነው፤ የዘይቱ ሽታ ከገባ የዛሬው ሥራ አበቃ። ቡናውና ዕጣኑም ከቅምሻው በኋላ ነው። ሽቶ የተቀባ ካለ፣ ቅር ሳይለው ወደ ኋላ ይቀመጥልን።

ውስኪ ሲባል ብዙው እንግዳ ብላክ ሌብል ይላል። እሱ የብቅል ውስኪና የሌላ እህል ውስኪ ድብልቅ ነው። ሲንግል ሞልት ስኮች ግን ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በአንድ ፋብሪካ፣ በመዳብ ድስት እንደ አረቄ ተነጥሮ፣ እዚያው ስኮትላንድ ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል የቆየ ነው። በርበን የአሜሪካ ነው፤ ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ሆኖ፣ ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ይቀመጣል።

“አዲስ” የምትለዋን ቃል ያዟት። አንዴ በርበን የቆየበት በርሜል ለሌላ በርበን አይሆንም፤ ብዙው ተሽጦ ስኮትላንድ ይገባል። የቫኒላውና የተቃጠለው ስኳር ሽታ በርበን ላይ ጎልቶ፣ ስኮች ላይ ለስለስ ብሎ የሚመጣው ለዚህ ነው። አዲስ እንጨት ጣዕሙን ቶሎ ስለሚሰጥ፣ ብዙ የቆየ በርበን እንጨት እንጨት ሊልና ሊመርም ይችላል። በዕድሜ ብቻ የሚያስከፍል አሻሻጭ እዚህ ላይ ይሳሳታል። በቀለምም አትፍረዱ፤ ስኮች ላይ የካራሜል ቀለም መጨመር በሕግ ተፈቅዷል፤ በርበን ላይ አልተፈቀደም።

ስታሸቱ አፍንጫችሁን ብርጭቆው ውስጥ አትንከሩ። አልኮሉ ያደነዝዘውና ቀጣዮቹ ሦስቱ ሁሉ አንድ ይሆኑባችኋል። ብርጭቆውን ከአገጫችሁ ትይዩ ይዛችሁ፣ አፋችሁን ትንሽ ከፍታችሁ፣ ቀስ እያላችሁ አቅርቡት። ከደነዘዘባችሁ የራሳችሁን እጅጌ አሽትቱ፤ ይመለሳል። ከዚያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ጎንጭታችሁ፣ ምላሳችሁ ላይ 10 ሰከንድ አቆይታችሁ ትፉት። መትፋት ነውር አይደለም፤ አራተኛው ላይ በልቦና ለመድረስ ነው።

ሦስተኛው ብርጭቆ 60 በመቶ አልኮል ነው። ጋዝ የሌለው ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ብትጨምሩበት ወደ 45 ይወርዳል። አምቦ ውሃ አይሆንም፤ ጋዙ ምላስ ይነካል። በብርድ ሳይጣራ፣ ማለትም ቀዝቅዞ በማጣሪያ ሳያልፍ የታሸገ ውስኪ ውሃ ወይም በረዶ ሲነካው ሊደፈርስ ይችላል፤ ተበላሽቷል ብላችሁ አትድፉት።

አራተኛው ላፍሮይግ ነው፤ ከስኮትላንዷ አይላ ደሴት። መጨረሻ ያደረግነው ጭሱ ከአፍ ቶሎ ስለማይለቅ ነው። የጭሱ ምንጭ ፒት ይባላል፤ ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ፣ በከፊል የበሰበሰ ተክል፣ ተቆፍሮና ደርቆ የሚነድ። ከጣና ዳር ደንገሉ የሚበቅልበትን ጭቃ አስቡት። እኛ ለጠላ ጋኑን በወይራ እናጥናለን፤ እነሱ የሚያጥኑት ብቅሉን ነው። ስለዚህ ሽታው ከእህሉ ጋር ገብቶ፣ በድስቱ አልፎ፣ ውስኪው ውስጥ ይገኛል። ግን “የታጠነ ጋን ይሸታል” ብላችሁ አትለፉት። የወይራ ጭስ ጣፈጥ ይላል፤ ይሄኛው አዮዲን፣ የቁስል ፋሻ፣ የሐኪም ቤት ኮሪደር ነው።

አስተያየት ስትጽፉም እንዲሁ ጻፉ። “ለስላሳ”፣ “ምርጥ” የሚሉት ለእንግዳው ምንም አይነግሩትም። የተጠበሰ በቆሎ፣ የገብስ ቆሎ፣ ቅርንፉድ፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ፣ ማር ከነሰሙ፤ እነዚህን ከእናቱ ጓዳ ያውቃቸዋል። ከ100 ነጥብ መስጠት የሚወድ ይስጥ፤ እኛ ግን ቃሉን እናስቀድማለን።

ጠርሙሱን ሁልጊዜ አቁማችሁ አስቀምጡ። እንደ ወይን ጠጅ ካጋደማችሁት አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል።

አሁን የመጀመሪያውን ክዳን አንሱ።