ፋብሪካም ቅርስ ነው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ?

የወሎ ቅርስ ሲባል ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው ላሊበላ ነው። ይገባዋልም። እኔ ዛሬ የመጣሁት ግን ስለ ክርና ስለ ብረት ላወራችሁ ነው።

ማንችስተርን ብዙዎቻችን የምናውቃት በኳስ ነው። ድሮ የጥጥ ከተማ ነበረች። በፈረንጆቹ 1761 የብሪጅዋተር ቦይ ተከፈተ። ሥራው ከዎርስሊ የድንጋይ ከሰል ወደ ማንችስተር ማመላለስ ነበር። እኛ ቦይ ስንል ማሳ የሚያጠጣውን ነው። የእነሱ ቦይ ጀልባ ይሄድበታል። አንድ ፈረስ ዳር ዳሩን እየሄደ ጀልባውን በገመድ ይስባል። አጋሰስ በጀርባው ሁለት ኩንታል እንኳ ይከብደዋል። ያው ፈረስ ጭነቱ ውሃ ላይ ሲሆን ከ200 ኩንታል በላይ ይጎትታል። የከሰል ዋጋ በግማሽ ገደማ ወረደ።

እዚህ ላይ መቅደላ ትዝ ትለኛለች። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ቦይ የለ፣ ባቡር የለ። በሰው ጉልበት፣ በጅዳና በበሽሎ ገደል መንገድ እየተጠረገለት፣ ወራት ፈጅቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው አምባው ላይ አለ። ስለ መድፉ ብዙ ተብሏል። ገመዱን የጎተቱትን ሰዎች የሚያነሳቸው ግን ጥቂት ነው። ይሄ ያንገበግበኛል።

ወደ ከተማችን ወደ ኮምቦልቻ ልመለስ። እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ነበር የምትሠራው። ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ ጸጉሯ የጥጥ ብናኝ ለብሶ ነበር። ጆሮዋ የማሽኑን ጩኸት ስለለመደ ቤትም ውስጥ ጮክ ብላ ታወራለች። ክሮምፎርድ በሚባል የእንግሊዝ መንደር፣ ሪቻርድ አርክራይት በፈረንጆቹ 1771 በውሃ ኃይል የሚዞር የፈትል ፋብሪካ አቋቁሞ ነበር። እዚያም ሠራተኛው፣ ሕፃናት ጭምር፣ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ 12 ሰዓት ይሠሩ ነበር። ያ ቦታ በፈረንጆቹ ከ2001 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ የዓለም ቅርስ አካል ነው።

እኔ ደግሞ እዚሁ አገራችን፣ አንድ ግቢ ውስጥ የቆየ ማሽን ተፈታትቶ በኪሎ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠግኑት የኖሩ አባት ዳር ቆመው ያዩ ነበር። አንድም ሰው ምንም አልጠየቃቸውም።

በ2014ቱ ጦርነት የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም፣ ደሴ ያለው የወሎ ሙዚየምም ተዘርፈዋል። ከዚያ ሁሉ የተረፈን ብዙው ነገር ያለው በሰዎች ልብ ውስጥ ነው።

ልጆች፣ ስልካችሁን አውጡ። ጡረታ የወጡትን ቅረጹ። ክር ሲበጠስ በምን ፍጥነት ይቀጥሉ ነበር? ድሩንና ማጉን ማን አስተማራቸው? የደመወዝ ወረቀት፣ የሥራ መታወቂያ፣ የቡድን ፎቶ ካላችሁ አትጣሉ።

እናቴ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከእሷ ጀምሩ። ጮክ ብላችሁ ጠይቋት።