ስለ አጽጂው ዓሣ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በኮራል ሪፍ (ኮራል የተባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሠሩት የባሕር ውስጥ አለት) ላይ የሌሎችን ዓሦች ገላ ስለሚያጸዳው ላብሮይደስ ዲሚዲያተስ የተነሡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ትልልቅ አዳኞች አፋቸው ውስጥ ሲገባ ለምን አይውጡትም?

መልስ፦ ስለሚጠቅማቸው ነው። ይህ ዓሣ ርዝመቱ ከ14 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ከቀይ ባሕር እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ይኖራል። ሪፉ ላይ ቋሚ ቦታ ይይዛል፤ ደንበኞቹ፣ ማለትም የሚያጸዳቸው ዓሦች፣ ወደዚያ ይመጡለታል። ከቆዳቸው፣ ከስንጥባቸውና ከአፋቸው ናቲድ የሚባሉ ደም መጣጭ ጥገኞችን ይለቅማል። በአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ በተደረገ ጥናት አንድ አጽጂ በቀን በአማካይ 1,200 ያህል ጥገኞች ይበላል። እርሱ ግን አብልጦ የሚወደው የደንበኛውን ቆዳ የሚሸፍነውን ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ያንን ሲነክስ ደንበኛው ይደነግጥና ወይ ያባርረዋል፣ ወይ ትቶት ወደ ሌላ አጽጂ ይሄዳል። ወደ ጥገኞቹ የሚመልሰው ይህ ቅጣት ነው።

ጥያቄ፦ አስመሳይ አለው ይባላል፤ በምን ይለያል?

መልስ፦ አፉን ይመልከቱ። የእውነተኛው አጽጂ አፍ ከፊት ጫፍ ላይ ነው፤ የሌሎችን ክንፍ የሚቦጭቀው አስፒዶንተስ ቴኒያተስ ግን አፉ ከአፍንጫው በታች ገባ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ ሴቷ ወንድ ትሆናለች የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። አንድ ወንድ ብዙ ሴቶችን ይዞ ይኖራል፤ ሴቶቹም በመጠናቸው ተራ አላቸው። ወንዱ ሲጠፋ ትልቋ ሴት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንደ ወንድ ሌሎቹን መቆጣጠር ትጀምራለች፤ ከ14 እስከ 18 ቀናት ባለው ጊዜ ደግሞ የወንድ ዘር ታመነጫለች። የጎረቤት ወንድ ቀድሞ ቦታውን ከያዘ ግን ሴት ሆና ትቀጥላለች። ትንሽ ወንድ ክልሉን ማስከበር አይችልም፤ ስለዚህ በትንሽነት እንቁላል መጣል፣ ካደጉ በኋላ ወንድ መሆን ብዙ ዘር ያተርፋል።

ጥያቄ፦ የአኳሪየም ዓሦቼ ነጭ ነጠብጣብ ስላወጡ አጽጂ ልግዛላቸው?

መልስ፦ አይግዙ። የነጭ ነጠብጣቡ ጥገኛ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሥር ተቀብሮ ስለሚኖር አጽጂው አያገኘውም። የታመሙትን ለይቶ ማከም ይሻላል። አጽጂው ራሱም በአኳሪየም ውስጥ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በረሃብ ነው፤ ጥቂት ደንበኞች አይመግቡትም። ቀድሞውኑ ካለዎት በደቃቁ የተከተፈ ሽሪምፕ፣ የቀዘቀዘ ማይሲስ (ሽሪምፕ መሰል ትንሽ የውኃ እንስሳ) እና የዓሣ እንቁላል በቀን 4 ጊዜ ያህል በጥቂት በጥቂቱ ይስጡት። ሆዱ ወደ ውስጥ ከገባ ምግቡ አልበቃውም ማለት ነው። ዘሎ ስለሚወጣ ክዳን ያስፈልጋል። ሁለት ወንዶችንም አንድ ላይ አያኑሩ።

ከሪፉ ላይ መውሰዱም ዋጋ አለው። በታላቁ ባሪየር ሪፍ ባለችው በሊዛርድ ደሴት አጽጂዎቹ ለ8 ዓመት ተኩል ከተነሡባቸው ትንንሽ ሪፎች የነዋሪ ዓሦች ቁጥር 37 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።