ጉሮሮ የሆነው ግንብ፦ የጎቲክ ልቦለድ ዘይቤ

(ምስል፦ ጥቁር ሐረግ የወረረው ረጅም ግንብ፣ በጭጋግ መሃል)

ሰላም ወዳጆች! ዛሬ ከጎቲክ ልቦለድ፣ ያረጁ ሕንፃዎችና ፍርሃት ከሚሞሉት የልቦለድ ዓይነት፣ አንድ ግንብ ላሳያችሁ።

ይህ የባልጩት ግንብ ነው። ያለው ጎርመንጋስት በሚባል፣ ዳርቻው በማይታይ ያረጀ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። የፈጠረው እንግሊዛዊው ደራሲ መርቪን ፒክ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ታይተስ ግሮን፣ በ1946 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ፒክ ገና በመክፈቻው ግንቡን ከምን ጋር ቢያነጻጽረው ጥሩ ነው? ከተጎመደ ጣት ጋር! በዙሪያው ያሉት ድንጋዮች የተጨበጡ ቡጢዎች ናቸው። ጣቱ ከመሃላቸው ወጥቶ ወደ ሰማይ ይቀሰራል፤ ያውም ፈጣሪውን እንደሚሳደብ ሰው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ግንብን ከጣት ጋር ማነጻጸር ቀላል ነው፤ ሁለቱም ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ነገሩን የምትቀይረው “የተጎመደ” የምትለዋ ቃል ናት። ጣት ከተጎመደ የጎመደው አለ። ሕመም አለ። ቡጢውም ቁጣ ነው። ማንም ሳይሞት፣ ምንም መንፈስ ሳይታይ፣ አንባቢውን ፍርሃት ፍርሃት ይለዋል።

ፒክ ሠዓሊም ነበር። በረቂቁ ገጾች ላይ ገጸ ባሕርያቱን እየሣለ ነበር የሚጽፈው። ንጽጽሮቹ በእጅ የሚዳሰሱ የሚመስሉኝ ለዚህ ነው።

ትምህርት ቤት “እንደ” ካለበት ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ከሌለበት ተለዋጭ ዘይቤ ተብለን ተምረናል። “እንደ አንበሳ ደፋር ነው” እና “አንበሳ ነው”። ልክ ነው፤ ለፈተና ይበቃል። ጎቲክ ግን አንድ እርምጃ ይጨምራል። ዘይቤው እውን ይሆናል።

(ምስል፦ ሌሊት፤ የጉጉት ድምፅ)

ሌሊት ጉጉቶቹ ሲጮኹ፣ ይላል ፒክ፣ ግንቡ የሚያስተጋባ ጉሮሮ ይሆናል። ቀን ዝም ብሎ ረጅም ጥላውን ይጥላል። “እንደ” የሚባል ነገር የለም፤ ግንቡ ራሱ ጉሮሮ ሆነ። ጉሮሮ ደግሞ ከመጮህ ሌላ ሥራ አለው። ይውጣል።

መጽሐፉን ለማንበብ ያሰባችሁ ይህቺን ዝለሏት። የቤተ መንግሥቱ ጌታ ሴፑልክሬቭ የቀረው ደስታ መጻሕፍቱ ነበሩ። ቤተ መጻሕፍቱ ሲቃጠልበት አእምሮው ተናጋ። ጉጉት ነኝ ማለት ጀመረ። አንድ ሌሊት ወደዚያ ግንብ ሄደ፤ ጉጉቶቹ በሉት። እኔ እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ወደ መጀመሪያው ገለጥኩት። ጉሮሮው እዚያው ተከፍቶ ይጠብቅ ነበር።

ከፒክ በፊት አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ በ1839 እ.ኤ.አ. “የአሸር ቤት ውድቀት” በተሰኘ አጭር ልቦለዱ ላይ ይህንኑ አድርጓል። የቤቱ መስኮቶች ባዶ ዓይኖች ይመስላሉ። ግድግዳው ላይ ከጣሪያው እየተጠማዘዘች የምትወርድ ቀጭን ስንጥቅ አለች። “የአሸር ቤት” ሲባል ሕንፃውም ነው፣ ዘሩም ነው። እኛም “የእነ እገሌ ቤት” ስንል ሁለቱንም እንላለን። የዘሩ መጨረሻ የሆኑት ወንድምና እህት በሞቱበት ሌሊት ያቺ ስንጥቅ ሰፋች። ቤቱ ተሰነጠቀ፤ ከፊቱ ያለው ጥቁር ኩሬም ዋጠው።

(ምስል፦ ጸጥ ያለ ውሃ)