ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሸጥ፣ ይከራይ ወይስ በነፃ ይታደል?

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? የዛሬው ጥያቄ ኪስ ይነካል። ኦፕሬቲንግ ሲስተም አንዴ ከፍለን የምንገዛው ይሁን፣ በየወሩ የምንከፍልበት ይሁን፣ ወይስ በነፃ ይታደለን?

እስቲ መጀመሪያ አንድ ዘበኛ አስቡልኝ። ትልቅ ሕንፃ አለ፤ በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል። ቁልፉ ሁሉ እሱ ጋ ነው። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ቢፈልግ ማን ይቅደም፣ የሚወስነው እሱ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት ይሄ ዘበኛ ነው። የኮምፒውተሩን ሚሞሪ (ማስታወሻውን) እና ፕሮሰሰር (አንጎሉን) ለየፕሮግራሞቹ የሚያዳርሰው ዋና ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ አንዱ ነው።

ወደ ዘበኛዬ ልመለስ፤ ወድጄዋለሁ። የዕድሜ ልክ ደሞዙን በአንድ ጊዜ ዳጎስ አድርጋችሁ ሰጣችሁት እንበል። መጀመሪያ ላይ ንቁ ነው። ሌቦቹ (ኮምፒውተር ሰብረው የሚገቡት) ግን አይተኙም፤ በየሳምንቱ አዲስ መክፈቻ ይዘው ይመጣሉ። ዓመታት ያልፋሉ። አንድ ቀን ዘበኛው «የሰጣችሁኝ አልቋል» ይላል። ወንበሩን አይለቅም፤ በሩንም ይከፍታል፣ ይዘጋል። አዲስ ሌባ መጣ ቢሉት ግን ንቅንቅ የለም!

ይሄ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ የማይክሮሶፍት ኦፕሬቲንግ ሲስተም የዊንዶውስ 10 ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 ወጣ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ ቆመ። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ይሠራል፤ ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍን አዲስ የደህንነት ማሻሻያ ግን እንደ ድሮው አይመጣለትም። ለድርጅቶች ማይክሮሶፍት ተጨማሪ ጥበቃ አቀረበ፤ ለአንድ ኮምፒውተር የመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር፣ ከዚያ በየዓመቱ እጥፍ፣ እስከ ሦስት ዓመት። አያችሁ? አንዴ ተሽጦ ያለቀ የመሰለን ነገር በጓሮ በር ዓመታዊ ክፍያ ሆኖ ገባ።

ስለዚህ ዘበኛው በየወሩ ይከፈለው የሚሉ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ሥራው አያልቅም፣ ደሞዙም አይለቅ ነው ነገሩ። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ ክፍያ ያቋረጥኩ ዕለት ዘበኛው ቁልፉን ይዞ ቢሄድስ? ጥበቃው ይቅር፣ እሺ። የራሴ ፎቶ፣ የራሴ ጽሑፍ ግን ከውስጥ ሊቆለፍብኝ አይገባም። እዚህ ላይ አልደራደርም።

ቆይ ቆይ። ባለፈው ቪዲዮ ስር ብዙዎቻችሁ «እኔ ለዊንዶውስ ሳንቲም ከፍዬ አላውቅም፤ ከላፕቶፑ ጋር ነው የመጣው» ብላችኋል። ወዳጆቼ፣ ከፍላችኋል! አምራቹ ለማይክሮሶፍት የፈቃድ ክፍያ ይከፍላል፣ ያንን ዋጋው ውስጥ ይደብቀዋል፣ እናንተ ደግሞ ሳታዩት ትከፍላላችሁ። ዘበኛው ከነሕንፃው ነው የተሸጠላችሁ። ያ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ማሽን ጋር የታሰረ ነው፤ ማሽኑ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። አዲስ ላፕቶፕ? እንደገና ትከፍላላችሁ።

«አፕል ግን በነፃ ነው የሚሰጠው» ያላችሁም አላችሁ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ማቬሪክስ የሚባለው የማክ ኮምፒውተር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲወጣ ክፍያው ቀርቷል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት፣ ሌፐርድ 129 ዶላር፣ ስኖው ሌፐርድ 29 ዶላር ነበር። ነገር ግን ፈቃዱ አፕል ባልሠራው ማሽን ላይ መጫን አይፈቅድም። ታዲያ ሒሳቡ የት እንደገባ ንገሩኝ እስቲ። ላፕቶፑን ስትገዙ ነዋ!

ቋንቋችንም ትንሽ ያምታታናል። «ነፃ» ስንል ያለ ዋጋ ነው ወይስ ጌታ የሌለው? አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለመሥራት የግኑን ፕሮጀክት ሲያውጅ ያሰበው ሁለተኛውን ነው፤ ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ኮድ አይቶ፣ ለውጦ፣ ለሌላ ማካፈል። ገንዘብ መቀበል አልተከለከለም። ሬድ ሃት የሚባለው ኩባንያ ሊኑክስ በሚባለው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ድጋፍ በዓመታዊ ክፍያ እየሸጠ አድጎ፣ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። ሠላሳ አራት ቢሊዮን! «ነፃ» ለሚባል ነገር! ሰብስክራይብ ማድረግ ደግሞ እውነተኛው ነፃ ነው፤ ቁልፏ ከታች ናት።

በጎ ፈቃደኛ ዘበኛም ይደክመዋል። ኤክስዜድ የምትባል ፋይል መጭመቂያ አለች፤ ብዙ ሊኑክስ ውስጥ አለች፣ ግን ከጀርባዋ አንድ የደከመው ሰው ብቻ ነበር። አንድ «ላግዝህ» ባይ መጣ፤ ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ሠርቶ ታመነ፣ ኮዱን የመለወጥ ቁልፉም ተሰጠው። ከዚያ ኮዱ ውስጥ የምስጢር በር ሸሸገ። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ነገሩን ያጋለጠው አንድ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው፤ ወደ ሰርቨር (ከሩቅ ወደሚያገለግል ኮምፒውተር) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ዘገየበትና ጠረጠረ። ግማሽ ሰከንድ! እኔ ብሆን ኢንተርኔቱን ረግሜ እተወው ነበር።

እና እኔስ? መሠረቱ ክፍት ይሁን፣ ማንም ይጫነው፤ ጥበቃው እንዲረዝም የሚፈልግ፣ በተለይ የሚያተርፍበት ድርጅት፣ በየዓመቱ ይክፈል። ይሄን ቪዲዮ ያቀናበርኩበት አሮጌ ኮምፒውተር ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ ስለሌለው ለዊንዶውስ 11 አይበቃም ተብሏል፤ ሊኑክስ ጫንኩበት፣ ፈጠነልኝ። ፕሪንተሩ ብቻ አኩርፏል። መላ የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ የምሬን ነው።