መብራቱ በላይ አለፈ

ባለፈው ክፍል ያወራሁላችሁ የእናቴ ፍሪጅ ደህና ናት። ቀድሜ ልናገር፣ ከዚያ በኋላ የመጣው መልእክት ግማሹ ስለ እሷ ነው። አለች፣ ታጉረመርማለች፣ እናቴም አሁንም ጨርቅ ታለብሳታለች። እሺ። ወደ ሊስትሮው ልጅ እንሂድ፣ ምክንያቱም ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

አራት ኪሎ፣ ያው ካፌያችን በር ላይ ነን፣ እኔና ኢንጂነሩ። ኢንጂነሩ ጓደኛዬን ታውቁታላችሁ፣ ሶፍት ላይ ካልሳለ ማስረዳት የማይችለው። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፣ የመንገዱ ዳር መብራቶች ግን ከወዲሁ ቦግ ብለዋል። እኔ ደግሞ ያን ቀን ጉራ ይዞኛል። ሰው ከሰል እያነደደ መብራት ያመነጫል፣ እኛ ግን ከመቶው ዘጠና ምናምኑ ከውሃ ነው፣ የቀረውም በአብዛኛው ነፋስ ነው፣ ህዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት ነው እያልኩ እተነትናለሁ። ኢንጂነሩ አስቀድሞ የሚያውቀውን እየነገርኩት ነው እንግዲህ። ዝም ብሎ ይሰማኛል፣ ማኪያቶውን እኔ ነኛ የምከፍለው።

ልጁ ጫማዬን ይዟል። ቀና ሳይል፣ ብሩሹንም ሳያቆም፣ «ግቤ 3 እኛ አገር ነው» አለ፣ ግድቡን ማለቱ ነው።

እኔ በደስታ ልሞት። «የት?» ስለው ወላይታ ነው፣ በኦሞ በኩል። «እንዴ! እናንተ ናችኋ የምታበሩልን!» አልኩት፣ ድምፄ ከፍ ብሎ ጎን ያሉት ሁሉ ዞር አሉ። እሱ እቴ። «ታወሩ አባቴ በቆሎ መሐል ነው የቆመው» አለ። «መብራትስ ገባላችሁ?» አልኩ።

«መብራቱ በላይ አለፈ።»

ከዚያ በብሩሹ ጀርባ ሳጥኑን ኳ ኳ አደረገ። ሌላውን እግር አምጣ ማለቱ ነው።

ይሄው ነው፣ ሌላ ነገር የለም። ግን እስካሁን እየመላለስኩት ነው። ቅሬታ ቢሆን ቀና ብሎ ያየኝ ነበር። ቀልድ ቢሆን ፈገግ ይል ነበር። ሁለቱንም አላደረገም፣ «ቀለሙ ጥቁር ነው ቡኒ» ብሎ በጠየቀበት ድምፅ ነው የተናገረው። ኢንጂነሩ ሳቀ፣ እኔም ተከትዬ ሳቅኩ፣ ልጁ ግን አልሳቀም። ወይም ስቆ ይሆናል፣ ጎንበስ ብሎ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም። ነገሩን ከባድ ያደረግኩት እኔ ልሆን እችላለሁ። እሱ ምናልባት አሁን ረስቶታል፣ እኔ እዚህ ማይክ ይዤ...

ቆይ፣ የኢንጂነሩን መልስ ልንገራችሁ፣ እሱም ቢሆን ትክክል ነው። ሶፍት ሳበ። ከግቤ 3 የሚወጣው መስመር 400 ኪሎ ቮልት ነው፣ ወደ ወላይታ ሶዶ ይመጣል፣ ከሶዶ ወደ አቃቂ። እሱን በመንገድ ላይ ላሉ ቤቶች እየቀነሱ ማደል አይቻልም፣ ቮልቴጁን የሚያወርድ ማከፋፈያ ጣቢያ ይፈልጋል፣ እያንዳንዱ ጣቢያ ደግሞ ብዙ ብር ነው። «ቀጥታ አውቶቡስ በለው፣ እጅ ስላወጣህ አይቆምልህም» አለ። ጥሩ አስረዳ። ልጁም ሶፍቱን አየና «ሶዶ ላይ ይቆማል?» አለው። «ይቆማል።» «ከሶዶ እስከ እኛስ?»

ኢንጂነሩ ሶፍት አለቀበት። በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

ቤት ገብቼ ካርታ ላይ አፈጠጥኩ። የህዳሴውም እንደዚያው ነው፣ ከጉባ ተነስቶ በ500 ኪሎ ቮልት በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ ይመጣል። ሆለታ ማለት አፍንጫችን ስር ናት። አንዱ ከደቡብ አቃቂ፣ አንዱ ከምዕራብ ሆለታ፣ ሁሉም ወደ እኛ እየሮጠ። በአገር ደረጃ ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው መብራት እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን። ቁጥር ሲሆን ግን አያምም። የሆነ ሰው ጫማህን እየጠረገ ሲነግርህ ነው የሚያመው። ወይም የሚያሳፍረው። አላውቅም የትኛው እንደሆነ።

ደግሞ ሁሉም አካባቢ የየራሱ ነገር አለው። ዝናቡም ገደሉም ያለው ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ስለሆነ አብዛኞቹ ትልልቅ ግድቦች እዚያ ናቸው። ነፋሱ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ነው፣ አዳማ፣ አሸጎዳ፣ አይሻ። አዳማ መግቢያ ላይ ያሉትን የነፋስ መዘውሮች ታውቋቸዋላችሁ፣ ልጆች በመኪና መስኮት እየቆጠሩ የሚጣሉባቸው። እኔ ልገላግላችሁ፣ የመጀመሪያው ዙር 34 ነው፣ ሁለተኛው 102። ሁሉም ተደምረው 204 ሜጋ ዋት ናቸው። ህዳሴ ላይ አንዷ ትልቋ ተርባይን ብቻዋን 400 ናት! 136ቱ መዘውር ተደምሮ የአንዷን ግማሽ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ይሄን ሳሰላ ነፋሱን ልንቀው ነበር።

ግን 2011ን አስታወስኩ። ግንቦት ላይ፣ ፈረቃው። የግቤ 3 ውሃ ቀንሶ አገር ሙሉ በተራ ሲጨልም። ኦሞ ላይ ዝናብ ሲሳሳ አራት ኪሎ ሻማ ይገዛል ማለት ነው። ነፋሱ ደግሞ የሚበረታው በበጋ ነው፣ ወንዙ ሲቀንስ። ስለዚህ ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ውሃው ሲደክም ነው የሚደርሰው። ኬንያን እዩ፣ ወደ ግማሽ የሚጠጋው መብራታቸው ከመሬት ውስጥ እንፋሎት ነው፣ በአብዛኛው ኦልካሪያ ከሚባል ቦታ። ስምጥ ሸለቆው አንድ ነው እኮ! እኛም አሉቶ ላንጋኖ የሚባል የእንፋሎት ማመንጫ አለን፣ በ1990ዎቹ የተሠራ፣ 7.3 ሜጋ ዋት ተብሎ። ሰባት ነጥብ ሦስት። ዝናብ የማይጠይቅ፣ ቀን ከሌት የሚሠራ ነገር እግራችን ስር እየፈላ ነው፣ እኛ ላንጋኖ ሄደን ዓሣ እንበላለን። እኔም በልቻለሁ፣ ጥሩ ዓሣ ነበር።

ይሄን ለኢንጂነሩ ስነግረው ምን አለኝ፣ «አዲስ አበባስ ምን ታመነጫለች?» እኔ ቆሻሻ አልኩት፣ ሳቅን። ቀልድ አይደለም ግን፣ እውነት ነው። አባ ሳሙኤል አለ ትሉኛላችሁ፣ እሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ ትንሽዬም ነው። የራሳችን የምንለው ረጲ ነው፣ ቆሻሻ እያቃጠለ እንዲያመነጭ በ2010 የተመረቀው፣ 25 ሜጋ ዋት ተብሎ። ሌላው ወንዙን፣ ሌላው ነፋሱን፣ እኛ የሙዝ ልጣጫችንን እያልን ስንስቅ...

ረጲ እኮ ቆሼ ነው። መጋቢት 2009፣ የቆሻሻ ክምሩ የተናደበት፣ ከ100 በላይ ሰው ያለቀበት። አጠገቡ ነው ማመንጫው። እየሳቅኩ መሐል ላይ ትዝ አለኝና... እሺ፣ ይሄን ልለፈው።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ኖርዌይ። እነሱም እንደ እኛ ናቸው፣ ወደ ዘጠና በመቶው ከውሃ። ግን ሕግ አላቸው፤ ግድብ የተሠራበት አካባቢ አስተዳደር ከሚመነጨው ኃይል እስከ 10 በመቶ ድረስ በርካሽ ዋጋ የመውሰድ መብት አለው። ወንዝህን ሰጥተሃል፣ ድርሻህን ውሰድ ነው ነገሩ። ይሄን ሳነብ ተነስቼ ልጁን ልፈልገው ነበር። ምን ልለው እንደሆነ እንጃ፣ «አባትህ ኖርዌይ ቢያርሱ ኖሮ» ልለው?

ደግሞ ወዲያው ሌላ ነገር መጣብኝ። ድርሻው ለግድቡ ባለቤት ሰፈር ከሆነ ቦረና ምን ይጠይቅ? ኦጋዴን ምን ይጠይቅ? ግድብ የለውም፣ ያለው ፀሐይ ነው። እሱ እንደ ሊስትሮው ልጅ አገር «ወንዜን ሰጥቻለሁ» የሚለው ነገር እንኳ የለውም። በዚያ ላይ ግድቡ ከሁሉም ኪስ ነው የወጣው፣ 8100 ላይ ያልላከ ማን አለ? የቦረናውም ልኳል፣ የልጁም አባት ልከው ይሆናል። ታዲያ ድርሻው በወንዝ ነው የሚከፈለው ወይስ በ8100?

አንዳንዴ መጀመሪያ ከተማው ይብራ፣ ፋብሪካው ይሥራ፣ ገንዘቡ ሲገኝ ገጠሩ ይደርሳል የሚሉት ሰዎች ትክክል ይመስሉኛል። ለጎረቤት አገር የምንሸጠውም ለዚያ ነው ይላሉ፣ ኬንያ ከ2015 ጀምሮ ይወስዳል። ከዚያ ደግሞ ልጁ ዕድሜው ስንት ነው ብዬ አስባለሁ። ግቤ 3 ሲመረቅ፣ በ2009፣ ሕፃን ነበር። እና «ይደርሳል» ሲባል ለእሱ ነው ወይስ ለሚወልደው ልጅ...

ኢንጂነሩ በሚቀጥለው ክፍል እንግዳ ሆኖ ይምጣ ብላችሁኛል። ጠይቄዋለሁ። ሶፍቱ በድምፅ እንዴት ይታያል አለኝ፣ እሱም እውነት አለው፣ እስቲ እናስብበታለን።